የአባዬ ወፍራም ቅጠሎች

ለእትዬ፣

ናፍቆቴ ካለሽበት ይድረስሽ። ጤናሽን መቶ ጊዜ አልጠይቅም፤ እሱን ለአክስታችን ትቼላታለሁ። እኛ ደህና ነን።

አባዬ አውቶቡሱን አቁሞ እንደገባ ልብሱን ሳይቀይር በረንዳ ላይ ነው። እነዚያን ቅጠለ ወፍራም ተክሎቹን ከእኛ አብልጦ ይወዳል። ስብከቱን ታውቂዋለሽ፦ "ጣሳው ከስሩ ካልተበሳ ተክሉ ይበሰብሳል! ፀሐይ ካላገኘ ቅጠሉ አይቀላም!"

ታዲያ ላሾፍበት ብዬ የፕላስቲክ ተክል ገዝቼ መሃላቸው ሰካሁ። ድሮ አንድ ቅጠል ቢጎድል ገና ከበሩ "ማነው የነካብኝ?" የሚል ሰው አይደል? ሳቄን አፍኜ ጩኸቱን ጠበቅሁ። እሱ ግን "ይቺ እንዴት አምሮባታል!" ብሎ ውሃ አጠጣት። ሳምንቱን ሙሉ አጠጣት። ጥላ ውስጥ ከርሞ አረንጓዴ እንደሆነ የቀረውንም ተክል ከነጣሳው አንስቶ "አየህ እንዴት እንደቀላ?" አለኝ።

"አዎ፣ ደም መስሏል" አልኩት። ፕላስቲኳን በማግስቱ አነሳኋት፤ የት ሄደች ብሎ አልጠየቀም።

ሰሞኑን ትምህርት ቤት የምሄደው በእሱ አውቶቡስ ነው፤ ከጎኑ፣ ከፊት ቆሜ። የትራፊክ መብራቱ ቀልቶ እግሩ ወደ ፍሬኑ ካልሄደ "ቀላ!" እላለሁ። "አንተ ለፍላፊ፣ ሥራዬን ልታስተምረኝ ነው?" ይላል። ተሳፋሪው ይስቃል። እኔም እስቃለሁ።

ስትመጪ "ራሴ በመኪና እቀበላታለሁ" እያለ ነው። እባክሽ የምትደርሺበትን ሰዓት አትንገሪው። ታክሲ ያዢና ድንገት ልታስደስቺው እንደፈለግሽ አስመስይ። ደግሞ ቶሎ ነይ፤ ትምህርት ቤት ሊዘጋ ነው፣ ከጎኑ የምቆምበት ምክንያት ያልቅብኛል።

ቤተሰቡ በሙሉ ሰላም ይልሻል፤ ፕላስቲኳም ካልጋዬ ስር ሆና።

ታናሽሽ፣ ለፍላፊው