ብቻውን የሮጠ

ጥቅምት 4
መጋዘኑ ባዶ ነው። አዲሱ በቆሎ ገና ከማሳ አልተነሣም። ባዶ ቤት ስጠብቅ ዋልኩ። ያናገረኝ ሰው... ሁለት። አንዱ ሰዓት ጠይቆኝ አለፈ።

ወደ ቤት ልመለስ ባጃጅ አቆምኩ። ሾፌሩ ዞሮ ግዝፈቴን አየና «ጋሼ፣ እርስዎ ከገቡ ሌላ ሰው አልጭንም» ብሎ ሳቀ። በእግሬ መጣሁ።

አከራዬ እትዬ ካሰች ወደ መራዊ፣ ልጃቸው ዘንድ፣ ከሄዱ ሳምንት ሆናቸው። ግቢው ጭር ብሏል። ራዲዮ ከፍቼ በላሁ። የሰው ድምፅ እየሰሙ ሲበሉ ይሻላል።

ጥቅምት 9
ዳኘው ከስፖርት ጽሕፈት ቤት መጋዘኑ ድረስ መጣ። ጨዋ ሰው ነው። ለዞኑ የቀድሞ ስፖርተኞች የክብር ምስክር ወረቀት ሊሰጥ ነው አለኝ፤ ኅዳር ላይ፣ እዚሁ ፍኖተ ሰላም። ሯጮች አሉበት፣ ኳስ ተጫዋቾች አሉበት። የእኔ ስም ላይ ሲደርሱ ግን ኮሚቴው ተከራክሯል።

«ምን ብለው?»

መናገር አልፈለገም። ጎተጎትኩት።

«ጋሽ የሽዋስ፣ እንዳይቀየሙኝ... ‹ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም› አሉ። በቦክስ ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የሆኑት አንድ ሰው ብቻ መትተው ነው፣ ውጭ አገር ሲላኩ ደግሞ በመጀመሪያው ግጥሚያ ተሸንፈው መጡ... እያሉ።»

ውሸት ነው? አይደለም።

«በዐይኑ ያየ ምስክር ካለዎት ያምጡልኝ። እኔ እከራከርልዎታለሁ።»

ምስክር... ማንን?

ጥቅምት 10
እስቲ ለራሴ እንኳ ልጻፈው።

1988፣ አዲስ አበባ። በከባድ ሚዛን አምስት ሰው ተመዝግቦ ነበር። ሚዛን በሚወጣበት ጠዋት ሦስቱ ቀሩ። የተረፍነው እኔና ባምላኩ። እሱ ከሽንዲ በኩል የመጣ አገው ነው፣ የሌላ ክለብ። ሁለተኛው ዙር ላይ በቀኝ እጄ መታሁት። በዝረራ። ዳኛው ቆጥሮ ጨረሰ፣ እሱ አልተነሣም። ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ እኔ ወለሉን አያለሁ። ግራ ዐይኑ...

ሆስፒታል ገባ አሉ። ዐይኑ አይመለስም አሉ። ከክለቤ እስከ ሆስፒታሉ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። አልሄድኩም።

ከዚያ ወዲህ ቀኝ እጄ እምቢ አለኝ። ውጭ አገር ሦስቱንም ዙር በግራዬ ብቻ ስገፋ ጨረስኩ። በነጥብ ተሸነፍኩ። አሠልጣኜ አውሮፕላን ውስጥ አላናገረኝም። ሁለት ዓመት ደግሜ ሻምፒዮን ተባልኩ፤ ተጋጣሚ ስላልመጣ። ከዚያ ተውኩት። ሰነፍ አሉኝ። ፈሪ አሉኝ። ሚስቴም እንደዚያው ብላኝ ሄደች።

ለማንም አልተናገርኩም። ምን ብዬ?

ጥቅምት 11
ዝናብ። ምንም።

ጥቅምት 19
እትዬ ካሰች ተመለሱ። ገና ጓዛቸውን ሳያስቀምጡ አዩኝ።

«ምን ሆነሃል? ፊትህ ጠቁሯል።»

«ምንም።»

«ምንም የሚባል በሽታ የለም።»

ምስክር እንደጠፋኝ ነገርኳቸው። ስለ ዐይኑ ግን ዋጥ አደረግኩት።

«የመታኸው ሰውዬ በሕይወት የለም?»

«አለ ይላሉ። በቡሬና በሽንዲ መካከል ያርሳል።»

«ታዲያ! ቡጢውን የቀመሰው እያለ ምን ሌላ ምስክር ትፈልጋለህ?»

ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ረስቼው የኖርኩ ይመስለኝ ነበር። በየቀኑ ሳስበው ኖሬያለሁ ለካ።

ጥቅምት 24
ባዶውን መጋዘን ቆልፌ በሚኒባስ ቡሬ። ከቡሬ በሽንዲ መኪና ግማሽ መንገድ፣ ከዚያ በእግር። «ባምላኩ የሚባል፣ ድሮ ቦክሰኛ የነበረ» እያልኩ ጠየቅሁ። ሁሉም ያውቀዋል። «ሻምፒዮኑን የገጠመው?» ይሉኛል። የገጠመው! የተሸነፈው አይሉም። ሁለት ጊዜ ልመለስ ቆሜ ነበር...

ሚስቱ ስመኝ ደጅ አገኘችኝ። «ይግቡ፣ ይግቡ። ማን ልበል?» ስሜን ነገርኳት። ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። ከዚያ ወደ ጓሮ ዞራ በአገውኛ ተጣራች።

መጣ። ሸብቷል። ግራ ዐይኑ ነጭ ሆኗል። በደኅናው ለማየት ራሱን ሙሉ በሙሉ አዞረ።

«ሆድ አውጥተሃል» አለኝ።

ጠላ ቀረበልኝ። ስለ ምስክርነቱ ልናገር አፌን ስከፍት ሌላው ወጣ። ሆስፒታል አለመሄዴ... ከዚያ በኋላ በቀኝ እጄ ሰው አለመምታቴ... ውጭም የተሸነፍኩት በዚያው እንደሆነ። የሚያዝንልኝ መስሎኝ ነበር። ተቆጣ።

«ለእኔ አዝነህ ነው እጅህን የሰበሰብከው?»

«አዎ።»

«ማን ጠየቀህ? ‹ዐይኔን ያጠፋው የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ነው› እያልኩ እኮ ነው ልጆቼን ያሳደግኩ። ያ ሻምፒዮን በመጀመሪያው ግጥሚያ ተሸነፈ ብሎ ራዲዮ ሲናገር ሰማሁ። ያን ዕለት ዳግመኛ ተመታሁ።»

የያዘውን ጣሳ መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ይልቅስ አንድ ቀን መጥተህ አልጋዬ ጫፍ ብትቀመጥ ምን ነበረበት? በአንድ ዐይኔ በር በሩን ሳይ ከረምኩ።»

የሃያ ደቂቃ መንገድ ነበር።

ስመኝ ጠላ ጨመረችለት። ቆይቶ ረገብ አለ።

«ብቻውን የሮጠ አሉህ? ሦስቱ ለምን እንደቀሩ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ቀኝ እጅህን ልምምድ ላይ አይተው ነዋ! ሁለቱ ሳይበሉ ከርመው ወደ ታችኛው ሚዛን ወረዱ፣ አንዱ ታመምኩ አለ። እኔንም ‹ተው፣ ይቅርብህ› ብለውኛል። እኔ ግን ልገጥምህ ወጣሁ። ታዲያ ሰዎች ‹ማንንም አላሸነፈም› ሲሉህ ዝም ብለህ ትሰማለህ? እኔ ሰው አይደለሁም?»

ይህን ሃያ ሰባት ዓመት አስቤው አላውቅም። ራሴን ስንቅ እሱንም አብሬ ስንቅ መኖሬን...

«እዚህ ታድራለህ» አለኝ። አደርኩ።

ጥቅምት 26
ባምላኩ የተናገረውን ሴት ልጁ ወይኒቱ ጽፋለታለች፤ እሱ ፈርሞበታል። ወረቀቱን ለዳኘው ወሰድኩለት። አንብቦ ደስ አለው። «በቃ፣ ይኼ ይበቃል!»

ሁለተኛ ገጽ ከኪሴ አወጣሁ። የራሴ ነው። ያን ቀን አሸንፌያለሁ፣ ያሸነፍኩትም ሌሎቹ የሸሹትን ግጥሚያ ያልሸሸ ሰው ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን አቅሜን ሳልጠቀምበት ቀረሁ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው... ይላል።

«ጋሼ፣ ይህን ባናስገባው? ይጎዳዎታል።»

«ይግባ።»

«ማንም አልጠየቀዎትም እኮ።»

«የመታሁት ሰው ጠይቆኛል» አልኩት።

ኅዳር 7
መጋዘኑ መሙላት ጀምሯል። ኮሚቴው እስካሁን ምንም አላለም።

ምን ያህል ክብር ይገባኛል? ለዚያች አንዲት ከሰዓት በኋላ ይገባኛል። ሙሉውን። ለተከታዮቹ ሁለት ዓመታት... አይመስለኝም። ድሮ ሁለቱ አንድ ላይ ተዳብለው ነበር የሚታዩኝ።

ኅዳር 16
ባምላኩ ደወለ። ሰላምታ እንኳ አላበዛም።

«በቆሎ ልንሰበስብ ነው። ወንፈሉ ላይ ሰው አንሶናል። በሃያ አራት ትመጣለህ?»

የምስክር ወረቀቱም ሥነ ሥርዓት በሃያ አራት ነው። ዳኘው ትናንት ነግሮኛል። ኮሚቴው የወሰነውን ግን እዚያው ነው የምትሰሙት ተብሏል።

«እመጣለሁ» አልኩ። ስለ ሌላው አልነገርኩትም። መጋዘኑን የሚይዝልኝ ሰው ለመንኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ፈቃድ የጠየቅሁ። አለቃዬ ገርሞት «ሰው ሞተብህ?» አለኝ።

ኅዳር 25
ትናንት ስላልጻፍኩ ዛሬ ልጻፈው። እጄ ተላልጧል።

አሥራ አንድ ሰው ነበርን። በማላውቀው ዜማ ይዘፍናሉ፣ እኔም አብሬ አጉረመረምኩ። አራት ሰዓት ላይ ዳኘው ደወለ። ከኋላው ማይክሮፎን ይጮኻል።

«ጋሼ፣ የት ነዎት? ስምዎ ሊጠራ ነው! ግን... የክብር አይደለም። የምስጋና ወረቀት ነው የሰጡዎት። በሁለተኛው ገጽ ምክንያት።»

«አንተው ተቀበልልኝ» አልኩት።

ባምላኩ ሰምቶ ኖሯል። የያዘውን በቆሎ ጣለ። «ዛሬ ነው እንዴ? ትተኸው መጣህ? ደግሞ ምስጋና ብቻ? የእኔን ቃል አላነበቡም?»

«አንብበውታል። የእኔንም አንብበዋል። ልክ ናቸው።»

ትንሽ አጉረመረመና ወደ ሥራው ተመለሰ። በስተግራው ያለውን በቆሎ ሳያየው ያልፋል። ልጆቹ ለምደውታል፤ ከኋላው እየተከተሉ ይለቅማሉ። ከምሳ በኋላ በግራው በኩል ያለውን መስመር እኔ ያዝኩ። እስከ ማሳው ዳር እኩል ሄድን።

ዛሬ ልሄድ ስነሣ ስመኝ ለመንገድ ዳቦ ቋጠረችልኝ። ባምላኩ እስከ መኪናው መንገድ ሸኘኝ። የጤፉ ውቂያ፣ ጭዱ በመንሽ የሚነሣበት፣ ጥር ላይ ነው። ትመጣለህ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም።

«ሁለት መንሽ አለኝ» አለኝ። «አንዱ ያንተ ነው።»