ከማዶ የመጣች እጅ

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 4

ዝናብ። አውቶቡሱ ዘገየ... ቢሆንም ከሁሉም ቀድሜ ደረስኩ። ማዶ አስራ ዘጠኝ ዓመት የሠራ ሰው ማርፈድ አይሆንለትም።

ማዶ የሚሉት እዚህ ሁሉም ነው። ርካሹን ሱቅ በስሙ የሚጠራው የለም። መንገዱን ተሻግሮ ፊት ለፊታችን ነው፣ ከተቀመጥኩበት ሂሳብ መቀበያ በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ይታየኛል። እዚያ እቃው ከነካርቶኑ ይደረደራል፣ ሰናፍጭ አንድ ዓይነት ነው፣ መውሰድ ወይም መተው። እዚህ መደርደሪያው ሙሉ ሰናፍጭ ነው። ማን ይጨርሰዋል? እዚያ ሦስት ሰው ሱቁን ሙሉ ያንቀሳቅሳል። እዚህ ሬናቴ ቋሊማ መሸጫው ጋ ቆማ፣ ቢሳሳ ይሻላል ቢወፍር እያለች ከአንድ ደንበኛ ጋር ሩብ ሰዓት ትፈጃለች። ለሕፃን ደግሞ አንድ ቁራጭ በነፃ።

ባለቤቱ አቶ ቴርሆርስት ከሰዓት በኋላ ቢሮ አስጠሩኝ። አንዲት ሴትዮ እቃዬን ወረወረችብኝ ብላለች፣ ፒር የሚሉትን ለስላሳ ፍሬ። አልወረወርኩም። ገፋሁት እንጂ። ይኸኛው ሁለተኛ ስሞታ ነው። የሙከራ ጊዜዬ የሚያልቀው በወሩ መጨረሻ ነው፣ ሦስተኛ ስሞታ ከመጣ በሰላም እንለያያለን አሉኝ። እስከዚያው ከሐሙስ ጀምሮ የወግ ሰልፍ ላይ ነኝ። ቅጣት ይሁን ሕክምና አልገባኝም።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 6

የወግ ሰልፍ ማለት ጥግ ላይ ያለችው ሂሳብ መቀበያ ናት። "እዚህ ማንም አይቸኩልም" የሚል ሰሌዳ ተሰቅሎባታል። የሚመጡት አብዛኞቹ ሽማግሌዎች ናቸው። አንድ እርጎ ይገዙና ስለ ዳሌያቸው ቀዶ ጥገና ከሥር ከመሠረቱ ያጫውቱሻል።

እጄ አልቀመጥ አለ። ማሽኑን ወለወልኩት። ደግሜ ወለወልኩት። አንዲት ሴትዮ ስለ ልጇ ፍቺ ስትነግረኝ ዓይኔ ከኋላዋ የቆሙት ሰዎች ላይ ነበር። ሬናቴ ከሩቅ አይታኝ ሳቀችብኝ። "አንኬ፣ መኪናው ቆሞ አንቺ ነዳጅ ትረግጫለሽ" አለችኝ።

እውነቷን ነው። ግን ማን ያቆመኛል?

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 8

ትከሻዬ አያመኝም። ማዶን የለቀቅኩት ለሱ ነበር። ሌላው ሰውነቴ በሙሉ ግን ያሳክከኛል።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 11

የፋኖስ በዓል ነው፣ ልጆቹ ፋኖሳቸውን ይዘው እየዘመሩ መንገዱን ዘግተውታል። አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ሴቭጊ ያዘችኝ። የማዶዋ ሥራ አስኪያጅ፣ ልጅ እግር ናት፣ ስታወራም እንደ መሮጥ ያደርጋታል።

"ተቀምጠሽ ሻይ እያፈላሽ የምትኖሪ መስሎሽ ነው?" አለችኝ። "ነይ ወደ ቤትሽ።"

ለትከሻዬ ሲባል በሳምንት አራት ቀን ብቻ። ሂሳብ መቀበያ ቁጥር ሁለት የኔ። እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ትፈልጋለች። ደሞዙም እዚህ ከሚከፈለኝ ይበልጣል። ርካሹ ሱቅ ለሠራተኛው የበለጠ ይከፍላል ብላት እህቴ አታምነኝም። እሷ ናት ቴርሆርስት ጋ ሰው እንደ ሰው ይታያል ብላ የላከችኝ። እኔም እስቲ የሰው ፊት ልይ ብዬ ነበር የመጣሁት... ማዶ እጅና እቃ እንጂ ፊት አይታይም። እንዴት ይታያል? ቀና ካልሽ አንድ ወተት አለፈሽ።

እና ፊት አየሁ? እንጃ። ሰሌዳውን እያየሁ ነው የምውለው።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 13

ዛሬ የሆነውን ሳልረሳ ልጻፈው።

አቶ ፒዮንቴክ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። የድሮ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ። ከሬናቴ አራት ቁራጭ ቋሊማ ይገዙና ሳያወሩ ያልፋሉ። በወግ ሰልፍ የማያወራ እሳቸው ብቻ ናቸው። ዛሬ ግን ሌላም እቃ ይዘው መጡ። ጥቁር ዳቦ፣ ሁለት ማርጋሪን፣ የድመት ምግብ፣ እንቁላል። ፊታቸውን ሳላይ እጄ አወቃቸው። እጄ! ይህ እቃ በየሐሙሱ ማዶ ያልፍብኝ ነበር። አብሮት አረንጓዴ የዝናብ ልብስ... እጅጌው ብቻ ትዝ አለኝ።

ማዶ ይገዙ ነበር እንዴ ብዬ ጠየቅኳቸው።

"እስኪያውቁኝ እየጠበቅኩ ነበር" አሉኝ።

ከዚያ ነገሩኝ። ማዶ ሂሳቡ የተመታ እቃ የሚያርፍበት ቦታ የለም፣ በቀጥታ ጋሪ ውስጥ ነው የሚገባው። ሚስታቸው ኢርምጋርድ ጋሪውን በጎን ታቆምና ሁለት እጇን ዘርግታ ትጠብቀኝ ነበር። በሩ ላይ ገና "ዛሬ እናሸንፋታለን" ትላቸው ነበር አሉ። እኔን ማለቷ ነው። የመጨረሻው እቃ ከእጄ ሳይወጣ እጇ ባዶ ሆኖ ከጠበቀኝ አሸነፉ ማለት ነው። ዘጠኝ ዓመት ሞከሩ። አንድም ቀን አልቀናቸውም።

"ሌላ ሰልፍ ባዶ ቢሆን እንኳን አትገባም" አሉ። "እርስዎን ነበር የምትፈልገው።"

በጸደይ ሞታለች። ከዚያ በኋላ አንዴ ብቻቸውን ሄዱ። እቃው ተከመረባቸው፣ እንቁላሉ ቀረ፣ ከኋላ ያለው ሰው አጉረመረመ። እዚህ ቀስ ይላሉ ሲባሉ ወደዚህ መጡ።

ምን ልበል? ውድድር ላይ እንደነበርኩ አላውቅም ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ሰው የሚሸሸኝ ይመስለኝ ነበር... ለካ የምትናፍቀኝ ሴት ነበረች። 

እሑድ፣ ኖቬምበር 16

ሱቅ ሁሉ ዝግ። እሑድን እጠላዋለሁ። የኩሽናውን ቁም ሳጥን አውጥቼ መልሼ ደረደርኩት። ከባዱ ከታች፣ የሚሰበረው ከላይ። ወጣሁ። ወንዙ ድረስ ሄድኩና ተመለስኩ።

ፊቷ ምን ይመስል ነበር? የምትበላውን ማርጋሪን አውቃለሁ። ድመቷ የምትወደውን አውቃለሁ። ፊቷን አላውቀውም። አለቀስኩ፣ ለማላውቃት ሴት።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 20

መጡ። እቃውን በቅደም ተከተል አስቀመጡት። ከባዱ ፊት፣ እንቁላሉ መጨረሻ። ቦርሳቸውን ከፍተው ያዙና ጎንበስ ብለው "በፍጥነት፣ እንደ ድሮው" አሉኝ በሹክሹክታ።

አቶ ቴርሆርስት ፖሙ ጋ ቆመው ያዩኛል። ከኋላ ሁለት ሴቶች አሉ፣ አንደኛዋ የፒሯ ሴትዮ ናት። ሦስተኛው ስሞታ... ማርጋሪኑን በሁለት እጄ አንስቼ፣ እንደ ሕፃን ቀስ አድርጌ አሳለፍኩት።

"ዛሬ በጣም ይበርዳል፣ አይደል?" አልኳቸው።

አዩኝ። ቦርሳቸውን ዝቅ አደረጉ።

"እርስዎም እንደነሱ ሆኑ" አሉ። "ሐኪሙ እንዴት ነዎት ይለኛል። ጎረቤቴ እንዴት ነዎት ትለኛለች። ቋሊማ ሻጯም። እንዴት እንደሆንኩ ያውቁታል እኮ። እርስዎ ብቻ ነበሩ የማያዝኑልኝ።"

እንቁላሉን ራሳቸው ቦርሳው ውስጥ ከተቱና ሄዱ።

ማታ ልንዘጋ ስንል አቶ ቴርሆርስት መጥተው "አሁን ገና የኛ ሰው ሆኑ" አሉኝ፣ ፊታቸው በርቶ። አመሰገንኩ። አፈርኩ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 27

አቶ ፒዮንቴክ አልመጡም። ቀኑን ሙሉ በሩን ሳይ ዋልኩ። ታመው ይሆን? ተቀይመው ይሆን?

ዓርብ፣ ኖቬምበር 28

ወረቀቱ ተፈርሞ ጠበቀኝ። ቋሚ ሠራተኛ። ስሞታ የለም፣ እንዲያውም የፒሯ ሴትዮ አመስግናኛለች። እህቴ ብትሰማ ትጨፍራለች።

ወደ ማዶ እመለሳለሁ አልኳቸው።

አቶ ቴርሆርስት ተቀመጡ። ለገንዘቡ ነው ወይ አሉኝ። አይደለም አልኩ። ታዲያ ምን አድርገንዎት ነው አሉኝ። ቀስ ማለት አንዳንዱን ሰው ያሳምመዋል ልል ነበር... ይህ ይባላል? መስኮቱን እያዩ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው ሆነው፣ "ማዶ ዋጋ ይቀንሳል። እኔ ወግ ካልሸጥኩ ምን ልሽጥ?" አሉ። አሳዘኑኝ። ክፉ ሰው አይደሉም። ሱቃቸውም ክፉ አይደለም፣ ሬናቴ ጋ ቆሞ ሳይስቅ የሚሄድ ሕፃን አላየሁም። የኔ ቦታ አይደለም እንጂ።

ሬናቴ አኮረፈችኝ። ስወጣ ግን ጠራችኝና በሹካ አንድ ቁራጭ ቋሊማ አቀበለችኝ፣ እንደ ልጅ። እዚያው ቆሜ በላሁት።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 4

አቶ ፒዮንቴክ መጡ! ጉንፋን ነበር። አራት ቁራጭ ቋሊማ ብቻ። ከሚቀጥለው ሳምንት በኋላ ማዶ ነኝ፣ ቁጥር ሁለት፣ ሐሙስም እገባለሁ አልኳቸው። ቆባቸውን ነካ አድርገው ሄዱ።

ምን ጠብቄ ነበር? 

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 18

ማዶ። የገና ሰሞን ስለሆነ ሰልፉ ዳቦው ድረስ ደርሷል። ሴቭጊ ካርቶን እየቀደደች በአጠገቤ ባለፈች ቁጥር ትስቃለች። ትከሻዬ ከእኩለ ቀን ጀምሮ ይጠዘጥዘኛል። ይሁን። እጄ ቤቱ ገብቷል።

ከሰዓት በኋላ ጥቁር ዳቦ መጣ። ከኋላው ሁለት ማርጋሪን። የድመት ምግብ። እንቁላሉ መጨረሻ።

ቀና አልኩ። ቆባቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተዋል፣ እጅጌያቸውን ሰብስበዋል። ጋሪውን በጎን አቁመውታል፣ እሷ ታቆመው እንደነበረው። ሁለት እጃቸው ተዘርግቷል።

"ዝግጁ ነኝ" አሉ።

አላዘንኩላቸውም። እግዜር ያውቃል፣ ባለኝ ጉልበት ሁሉ ነው የሄድኩት። ዳቦው፣ ማርጋሪኑ፣ ሌላኛው፣ የድመት ምግቡ ቆርቆሮዎች... እጃቸው አይስትም። ቤት ሲለማመዱ ሰንብተዋል መሰለኝ። እንቁላሉ ላይ ስደርስ ፊታቸውን አየሁ። ግንባራቸው ላይ የከሰል ብናኝ ቆዳ ሥር ገብቶ የቀረ ሰማያዊ ጠባሳ አለ። ጥርሳቸውን ነክሰዋል፣ እንደ ልጅ ዓይናቸው ይስቃል። ይህንን ፊት ዘጠኝ ዓመት አላየሁትም ነበር።

አያለሁ ብዬ እንቁላሉ እጄ ላይ ቀረ። እሳቸው ባዶ እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቁኛል።

ከኋላ ያለው ሰው አጉረመረመ። አቶ ፒዮንቴክ አልሰሙትም። ማንም ወደሌለበት ወደ ጋሪው ጎን ዞረው፣ ቀስ ብለው "አሸነፍናት፣ ኢርምጋርድ" አሉ።