የሚቀበል እጅ

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 2
ከጋን ሽሙኤል፣ ከጭማቂ ፋብሪካው ገባሁ። ደክሞኛል። አባባ ብርቱካን ልጠው ጠረጴዛው ላይ አኖሩልኝ። እንደ ወትሮው። በእጃቸው ሰጥተውኝ አያውቁም... ጠባያቸው ነው።
«ቀኑን ሙሉ ብርቱካን ስታጥቢ ውለሽ፣ ደግሞ ብርቱካን!» ብለው ራሳቸው ሳቁ።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 4
ልጄ ሊኖይ መጣች። ሰብሳቢዎች የሚገዙትን የወርቅ ሳንቲም ንድፍ ትሠራለች። አዲሱ ሥራ ለጥንት ብረት ሠሪዎች መታሰቢያ ነው። አንዱ ሳንቲም ለእኛ፣ ለጎንደር ቀጥቃጮች።
«ሳባ» አለቻቸው፤ አያቷን የምትጠራው በዕብራይስጥ ነው። «እጅዎን ፎቶ ላንሳ። ራክ እጅ፣ ፊት የለም።»
«አያቴ ገበሬ ነበር በያቸው» አሉ አባባ።
«ላማ? ለምን? ቀጥቃጭ አልነበሩም እንዴ?»
«ቡዳ ሲሉኝ የኖርኩት አይበቃም? ደግሞ በወርቅ ልትጽፊው?»
ተነስተው ወጡ። ሻዩ ቀዘቀዘ።

ፌብሩዋሪ 5
ሊኖይ ደወለች። ንድፉ በዚህ ወር ካልገባ የእኛ ተራ ለሌላ ሕዝብ ይሰጣል። የአያቷን እጅ ሳታይ አትስልም። ግትር... ማንን መስላ?

ፌብሩዋሪ 9
ዛሬ ቀጥቃጭነታቸውን ለምን እንደሚደብቁ ጠየቅኋቸው።
«ማረሻ ስሠራ ከእጄ የሚቀበል የለም። ‹መሬት አኑረው› ይሉኛል። ፈቀቅ ስል ያነሱታል። በማረሻዬ አርሰው ይበላሉ፣ እጄን ይፈራሉ።»
መሬት አኑረው... ብርቱካኑስ? ይህን ሁሉ ዓመት!

ፌብሩዋሪ 12
አባባ ራሳቸው ሊኖይ ጋ አስደወሉኝ።
«ነይ አንሺ። ግን የኔ እጅ ብቻውን አይሆንም። የሚቀበልም እጅ ይኑር።»
ማረሻ እዚህ ሐዴራ ከተማ ውስጥ ከየት ይምጣ? ጎረቤታችን ይታይሽ የጓሮ መቆፈሪያዋን አመጣች። አባባ አገላብጠው አዩት።
«ሳስቷል፤ ይሄን የሠራው ሰው ምሳ አልበላም ነበር።»
ተቀባይዋ እኔ ሆንኩ።
«ኢማ፣ አትሳቂ፣ ፎቶው ይበላሻል!» አለች ልጄ።
እየሳቅኩ አልነበረም።

እሑድ፣ ሜይ 11
ሊኖይ ሳንቲሙን ይዛ መጣች! ለማየት ብቻ ነው፣ ነገ ይመለሳል። ሁለት እጅ፣ መሃላቸው መቆፈሪያው ሳይሆን ማረሻ። የሁለቱም ጣቶች ብረቱን ይዘዋል። አባባ መነጽራቸውን አጠለቁ።
«ማን ቀጠቀጠው?»
«ማሽን ነው፣ ሳባ።»
«እሱም ባለ እጅ ነው» አሉ። ደጋግመው አዩት።

ሰኞ፣ ሜይ 12
ከሥራ ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ ብርቱካን የለም። ወቅቱ አለፈ ብዬ ልቀመጥ ስል አባባ ከወንበራቸው እጃቸውን ዘረጉ።
«እንቺ።»
የተላጠ ብርቱካን ነው፤ ከእጃቸው ተቀበልኩ። ይዘውት ስለቆዩ ሞቋል።