ሻምበልና ፊቱ አልወጣ ያለው ወታደር

ከሁሉ አስቀድሞ ይህ ይታወቅልን፦ አሻንጉሊት ወታደር በመሥራት ሻምበልን የሚያክል ሰው እስከ ዛሬ አልተፈጠረም፤ ወደፊትም ይፈጠራል ብለን አንጠብቅም። ከእጃቸው በወጣ ወታደር ላይ እንከን አገኘሁ የሚል ካለ እዚሁ አስከሬናቸው ፊት ይናገር። እጃቸውን የወረሰችው የልጅ ልጃቸውም ብዙም አታንስም።

ሻምበል ሲባሉ ግን የጦር ሰው እንዳይመስሏችሁ። እውነተኛ ጠመንጃ ነክተው አያውቁም። የያዙት ሁሉ ከክብሪት እንጨት የሚቀጥን ነበር። ማዕረጉን የሰጣቸው ሰፈሩ ነው፤ እሳቸውም ሳያንገራግሩ ተቀበሉት፤ እኛ የልጅ ልጆቻቸውም የቤት ስማቸውን እስክንረሳው ድረስ በዚሁ ጠራናቸው።

ሻምበል ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው የተወለዱ ሦስተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበሩ። የመጀመሪያዋ ዛሬ ከፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት ታላቅ እህታቸው ናቸው፤ ቤተሰቡ ልጅ አዋቂ ሳይል እትዬ ይላቸዋል። መካከለኛው ጋሼ ነው። ጋሼ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ወደ ጦርነት ሄዶ ስላልተመለሰ ዕድሜው እዚያው ላይ ቆሞ ቀርቷል። አንቱ ልንለው ብንሞክር አፋችን እሺ አላለንም።

ይህን የጋሼን ነገር ሳይናገሩ የሻምበልን ታሪክ መናገር አይቻልም። ጋሼ ሥልጠናውን ጨርሶ፣ ለአጭር ፈቃድ ቤት መጥቶ ሲመለስ ሻምበል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበሩ። የዚያን ቀን ጠዋት አኩርፈው አልጋ ሥር ገቡ። «ና ውጣና ሳመኝ» ቢላቸው «እምቢ» አሉ። ጋሼ ጎንበስ ብሎ እጁን ወደ አልጋው ሥር ቢዘረጋም ወደ ግድግዳው ተጠጉበት። ኋላ ቁጭቱ ሲነሳባቸው ሮጠው በር ላይ ቢደርሱ ጋሼ መንገዱን ጀምሮታል። ያዩት ጀርባውን ነው፦ የተጠቀለለ ብርድ ልብሱን፣ ኮዳው የተንጠለጠለበትን ጠፍር፣ በውጭ በኩል ያለቀውን የግራ ጫማውን ተረከዝ። ተጣሩ። ጋሼ አልዞረም። አልሰማም ይሁን፣ ሰምቶ መዞር አልቻለ ይሁን፣ ቤታችን እስከ ዛሬ አልተስማማበትም።

ፎቶ አልነበረውም። በፈቃዱ ሰሞን ፎቶ ሊነሳ ሄዶ ፎቶ ቤቱ ዝግ ሆኖበት ተመለሰ። «ነገ እሄዳለሁ» እንዳለ ቀረ።

ሻምበል እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። በጉብዝናቸው የሚያስታውሳቸው መምህር የለም፤ የሚታወሱት በደብተራቸው ጠርዝ ላይ በሚስሏቸው ወታደሮች ነው፤ ሁሉም ጀርባቸውን የሰጡ። ከዚያ ማተሚያ ቤት ተቀጠሩ። ያኔ ጋዜጣ የሚታተመው በእርሳስ ፊደል ስለነበር፣ ያረጀውን ፊደል አቅልጦ እንደገና ማፍሰስ የእሳቸው ሥራ ሆነ። አንድ ቀን ከድስቱ የተረፈውን በጭቃ ቅርጽ ውስጥ ገልበጥ አደረጉትና የመጀመሪያውን ወታደር አወጡ። አለቃቸው አይተው፣ «ፊደሉን ሁሉ ወታደር አድርገህ ጋዜጣውን በምን ልናትመው ነው?» ብለው ተቆጡ። ወታደሩን ግን ወስደው ጠረጴዛቸው ላይ አቆሙት፤ ጡረታ ሲወጡም በኪሳቸው ይዘውት ሄዱ።

በሃያ ስድስት ዓመታቸው ልብስ ሰፊ የነበሩትን አያታችንን አገቡ። አያታችን የመጀመሪያዎቹን ወታደሮች ሲያዩ፣ «ይሄ ካፖርት ነው ወይስ የውኃ በርሜል?» አሉ። ሻምበል ተቀየሙ። አያታችን ግን መቀየም የማይገባቸው ሰው ስለነበሩ የራሳቸውን ካፖርት ለብሰው መጡና ክርናቸውን አጠፍ ዘርጋ እያደረጉ ጨርቅ የት ላይ እንደሚሸበሸብ አሳዩ። ቀጥለው ካፖርቱን ባልዲ ውስጥ ነክረው መልሰው ለበሱት። ከዚያ ወዲህ የሻምበል ወታደር ዝናብ የመታው እንደሆነ ከትከሻው ያስታውቃል። ጉንፋኑ አያታችንን ሳምንት አስተኛቸው እንጂ።

ሁለት ልጆች ወለዱ፤ ወንዱ ሹፌር፣ ሴቷ ነርስ ናቸው። ማተሚያ ቤቱ የእርሳስ ፊደልን ሲተው ሻምበል የጓሮውን ክፍል ወርክሾፕ አደረጉት። አንድ መስኮት፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ከመብራት ጋር የታሰረ አጉሊ መነጽር፣ ከውስጥም ከውጭም የጠቆረ ድስት። ወታደሩን መጀመሪያ በሰም ይቀርጹታል፤ ከሰሙ ላይ የጎማ ቅርጽ ያወጣሉ፤ በቅርጹ ውስጥ የቀለጠውን ብረት ያፈሳሉ። ሲወጣ በጎንና በጎኑ የቅርጹ መጋጠሚያ መስመር ሠርቶ ይወጣል። ያንን በሞረድ እስኪጠፋ ያሻሉ። «ሰው መሐሉ ላይ አልተሰፋም» ይላሉ።

በሥራቸው ቀልድ አያውቁም። የልጅ ልጃቸው፣ የሹፌሩ ልጅ፣ ትምህርቱን ትታ እሳቸው ዘንድ ቀለም ስትማር የወታደሩን ዐይን ነጭ ቀብታ መሐሉ ላይ ጥቁር ነጥብ አድርጋ አመጣች። ኩራቷ በበር አልገባ ብሏት ነበር።

«አውራ ጣት የሚያክል ሰው ማለት ከመንገድ ማዶ የቆመ ሰው ማለት ነው» አሏት። «ከመንገድ ማዶ የዐይኔ ነጭ ይታይሻል?»

«አይታየኝም፣ አባባ።»

«ታዲያ ይሄን ልጅ ምን አሳየሽው? እባብ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዐይን ማለት አንዲት ቀጭን የጥላ መስመር እንደሆነች ተማረች። ጠፍር ወፍሮ ከተሠራ በእውነተኛው ሰው ላይ የአህያ ጭነት ማሰሪያ እንደሚሆን፣ አዝራር ሁሉ እኩል ካበራ ወታደሩ ከሱቅ እንጂ ከመንገድ እንዳልመጣም ተማረች።

አሻንጉሊት የሚረከቧቸው ባለሱቅ በዚህ ምክንያት ለዓመታት ተጨቃጭቀዋቸዋል። «ሻምበል፣ የደከመ ወታደር የሚገዛ ልጅ የለም። ጫማውን ያብሩልኝ፣ ደረቱን ይንፉልኝ።»

«ደረት የሚነፋው እኮ እስኪሄድ ድረስ ነው።»

«እኔ ጋ የት ይሄዳል? መደርደሪያ ላይ ነው የሚቆመው!»

ሻምበል ግን ጫማውን አላበሩም፤ ጭራሽ ጭቃ ጨመሩበት። ባለሱቁ እያጉረመረሙ ደረደሩት፤ ልጆቹም እንዳሉት አልገዙትም። የገዙት ወታደር የሚሰበስቡ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ከነዚህ አንዱ፣ እኛ ባለመነጽሩ የምንላቸው፣ ከሩቅ ድረስ መጥተው አንዱን ወታደር አንስተው ገለበጡት። ሌላው ሠሪ ሁሉ ፊት ለፊቱን አሳምሮ ጀርባውን በደፈናው ይተወዋል፤ ከመደርደሪያ ጀርባ ማን ያያል? የሻምበል ወታደር ጀርባ ላይ ግን የብርድ ልብሱ ጥቅል በመሐል ረግቧል፣ የኮዳው ጠፍር ትከሻውን በልቶታል፣ የግራው ተረከዝ በውጭ በኩል አልቋል። ባለመነጽሩ አይተው አይተው የሚቀመጡበት ወንበር ጠየቁ።

እንግዲህ መጀመሪያ ላይ «እንከን አገኘሁ የሚል» ብለናል። አንድ ወታደር ነበራቸው፣ በመስኮቱ ደፍ ላይ የሚቆም፣ አንገት እንጂ ጭንቅላት የሌለው። ጋሼ ነው። ሰውነቱን በወጣትነታቸው ሠርተው ጨርሰውታል፤ ከዚያ ወዲህ ሞረድ አላስነኩትም። ጭንቅላቱን ለብቻው ቀርጸው፣ አፍስሰው፣ ቀብተው፣ አንገቱ ላይ ተክለው ወደ እህታቸው ቤት ይወስዱታል። ሻምበል የጋሼን ፊት አያስታውሱትም። ጀርባውን አብዝተው ስላሰቡት ይሁን፣ ልጅ ስለነበሩ ይሁን፣ ፊቱ ከአእምሯቸው ጠፍቷል። በሕይወት ካሉት ውስጥ የሚያውቁት እትዬ ብቻ ናቸው። እትዬም ወታደሩን ወደ ብርሃን አዙረው ያዩትና፣ «አይደለም» ይላሉ።

«ምኑ ነው ያልሆነው? አፍንጫው?»

«እንዲህ ያለ አፍንጫ አልነበረውም።»

«እንዴት ያለ ነበረው ታዲያ?»

«እኔ ምን አውቄ? ሳየው ነው የማውቀው። ጢሙ ብቻ ገና ማቀምቀሙ ነበር።»

ሻምበል ወደ ቤት ይመለሳሉ፤ ጭንቅላቱን ነቅለው ድስት ውስጥ ይጥሉታል። በዚህ ዓይነት ስንት ፊት እንደቀለጠ ቆጥሮ የያዘው የለም። አንድ ጊዜ ግን ትዕግሥታቸው አልቆ፣ «እትዬ፣ ሆን ብለሽ ነው!» ብለው ጮኹባቸው።

እትዬም ከመቀመጫቸው ሳይነሱ፣ «እሱ ነው ብልህ ደስ ይልሃል። ከዚያ እኔና አንተ የማናውቀውን ሰው ታቅፈን ስናለቅስ ልንኖር ነው? አይደለም ካልኩህ አይደለም» አሏቸው። ሁለቱ ለአንድ ክረምት ተኳርፈው ከርመዋል። ያስታረቋቸው አያታችን ነበሩ፤ እሳቸው ካረፉ ሰባት ዓመት ሆናቸው።

ከአያታችን ሞት በኋላ ስኳር ሕመም ሻምበልን መጀመሪያ እግራቸውን፣ ቀጥሎ ዐይናቸውን ያዛቸው። እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ብሩሽ ያነሱና ወታደሩ ዘንድ ሳይደርሱ ያስቀምጡታል። ሌላውን ሁሉ ተዉት፤ ያ ፊት ግን እንቅልፍ ነሳቸው። በዚህ ዓመት መጀመሪያ የልጅ ልጃቸውን አስጠሩና፣ «አንቺ ሥሪው» አሏት።

«አባባ፣ እኔ አላየሁት!»

«እኔስ መቼ አየሁት? አልጋ ሥር ነበርኩ። ሳልስመው ነው የሄደው፤ ሳላየው አልሂድ።»

አልጋቸው አጠገብ ተቀምጣ ቀረጸች። እሳቸው በጣታቸው እየዳሰሱ፣ ጉንጩን ቀንሺ፣ አገጩን ተይው፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ አታስረጂብኝ ይሏታል። ሰሙ ሲያልቅ እሷው አፈሰሰችው፣ እሷው ሞረደችው፣ እሷው ቀባችው። ወታደሩ ከመስኮቱ ደፍ ወርዶ፣ ጭንቅላት አግኝቶ፣ ባለፈው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ እጃቸው ውስጥ ገባ።

ሻምበል በዚያን ጊዜ ብርሃንና ጨለማ ከመለየት በቀር አያዩም ነበር። አውራ ጣታቸውን በብርድ ልብሱ ጥቅል ላይ አሳለፉ፤ ወደ ኮዳው፣ ወደ ተረከዙ ወረዱ። ከዚያ ቀስ ብለው አዞሩት። ፊቱን ሲዳስሱ ቆዩ።

«ዐይኑን ነጭ አልቀባሽም?»

«አልቀባሁም፣ አባባ።»

ወታደሩን ወደ አፋቸው አስጠግተው ሳሙት። አንድ ጊዜ፣ እንደገና አንድ ጊዜ። ቀለሙ ገና በደንብ አልደረቀም ነበርና ከንፈራቸው ላይ ምልክት ተወ፤ የልጅ ልጃቸው ልትጠርግላቸው አልደፈረችም። «እንግዲህ ነገ እትዬን ጥሪልኝ፤ ትየው» አሉ። ትራሳቸው ሥር አድርገውት ተኙ።

ሐሙስ ጠዋት እትዬ ካፖርታቸውን እየለበሱ ሳለ ስልክ ተደወለ። ሻምበል በሰባ ስምንት ዓመታቸው አርፈዋል። የእትዬን ቃል ሳይሰሙ ሄዱ።

ሻምበል የሚወዷቸውን አንድ እህት፣ ሁለት ልጆችና አራት የልጅ ልጆች ትተውልን አልፈዋል። የሰውን ድካም በአውራ ጣት ልክ አሳምረው ያሳዩንን እኚህን ሰው ፈጣሪ ድካማቸውን ሁሉ ከላያቸው ያውርድላቸው። ባለፈው ጊዜ ያልዞረውም ወንድማቸው እዚያ ፊቱን አዙሮ ይቀበላቸው።

ጽሑፉ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። እንዲያውም «በመጨረሻም የጋሼ ፊት በልጅ ልጃቸው እጅ ወጣ» የሚል አንድ ሌላ መስመር ነበረው፤ ለማተሚያ ቤት ከመሰጠቱ በፊት ግን ለእትዬ ይነበብላቸው ተባለ። ትናንት ጠዋት የልጅ ልጃቸው ወረቀቱንም ወታደሩንም ይዛ ሄደች። እትዬ ያን መስመር ሲሰሙ እጃቸውን ዘረጉ። ወታደሩን ወደ መስኮቱ አዙረው ለረጅም ጊዜ አዩት። ዐይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው እንደገና አዩት።

«እሱ ነው፣ አይደል እትዬ?»

«የምን እሱ!» አሉ እትዬ። «አንቺው ነሽ፣ ጢም ለጥፈሽ።»