የሁለት ክረምት ጎደሬ

ኅዳር 14 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ ጅማ

አያቴ እህል አልቀምስም ካሉ ዛሬ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ከሦስት ዓመት በፊት እግራቸውን ከያዛቸው ወዲህ እኔ ዘንድ ናቸው። የሚያምራቸው የጓሯቸው ጎደሬ ብቻ ነው፤ ሟች ሚስታቸው በኮባ ቅጠል ከድና ትቀቅልላቸው የነበረው።

በጠዋት አጋሮ አጠገብ ወዳለው ቤታቸው ሄድኩ። ጎረቤቱ ሁሉ ወደ አዲሱ መንደር ተሰብስቦ አካባቢው ጫካ ሆኗል። ጎደሬው ግን ቅጠሉ ጃንጥላ አክሏል። ቆፍሬ አመጣሁ፣ በኮባ ከድኜ ቀቀልኩት፣ ቅቤና ሚጥሚጣ አደረግኩበት። ደስ ብሎኝ ነበር፣ እኔ ሞኝ።

«ቢስሚላህ» ብለው ጎረሱ። ደጋግመው አኘኩት። ከዚያ ቃጫ የመሰለ ነገር ከአፋቸው አውጥተው መዳፋቸው ላይ አዩት።

«ልጄ፣ ይሄ ሁለት ክረምት ያልተቆፈረ ነው።»

«አቀቃቀሉን ስላላወቅኩበት ነው፣ አባባ።»

«ጀማል እያለ ጎደሬ መሬት ውስጥ አያረጅም።»

ጀማል የመጨረሻ ልጃቸው ነው፣ አጎቴ። ለውትድርና ከተወሰደ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። አንድ ደብዳቤ ጽፎ ድምፁ ጠፋ። እኛ ግን ለእሳቸው «ቤቱን ይዞ እያረሰ ነው» እያልን፣ ያላከውን ሰላምታ በየወሩ ስናደርስላቸው ኖርን።

ሳህኑን ወደ እኔ ገፉት። ሲከፋቸው በኦሮምኛ ነው የሚናገሩት።

«ጀማል ኤሳ ጂራ?» አሉኝ።

የት እንዳለ እኔስ መቼ አወቅኩ።