አራተኛው መታሰቢያ

ይድረስ ለእታለም፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ? ስፌቱ በዝቶብሽ ከሆነ ትንሽ ቀነስ አድርጊ፣ ከጤና የሚበልጥ የለም። በእኛ በኩል ባለቤቴ የተማሪዎቿ ፈተና ውስጥ ተቀብራለች፤ ልጄ የፊት ጥርሷ ወልቆ ‹ሰ› የምትል ፊደል አልወጣ ብላታለች። እኔም ቆሜ እሄዳለሁ። ውስጤ ግን ሰላም የለውም። ዙሪያ ጥምጥም እንደማትወጂ ስለማውቅ ወደ ነገሬ ልግባ።

የመጀመሪያ መጽሐፌን ለእናታችን፣ ሁለተኛውን ለባለቤቴ፣ ሦስተኛውን ለልጄ መታሰቢያ አድርጌአለሁ። ባለፈው ደብዳቤዬ ደግሞ አራተኛው ለማተሚያ ቤቱ አራሚ፣ ለጓደኛዬ ለ«አራት ነጥብ» እንዲሆን መወሰኔን ጽፌልሽ ነበር። ክርክር ሁሉ እሱ ዘንድ ሲደርስ ስለሚዘጋ ነው ይህን ስም ያወጣንለት። በዕድሜ ቢበልጠኝም መጽሐፎቼን መስመር በመስመር ያቃናልኝ እሱ ነው፤ ከሥጋ ወንድም አላሳንሰውም ነበር። «አንቺ እንዳትቀየሚ፣ ያንቺን ለምርጡ አቆይቼዋለሁ» ብዬም ቀልጄብሻለሁ። መልስ አልጻፍሽልኝም። ሥራ በዝቶባት ይሆናል አልኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጨረሻው የእርማት ቅጂ መጣልኝ። የመታሰቢያውን ገጽ ስገልጥ ባዶ ነው። አንዲት ፊደል የለችበትም። ማተሚያ ቤት ሄጄ ገጽ የምታቀናብረውን ልጅ ብጠይቃት፣ አንዲት ሴትዮ ከደራሲው ቤት ነው የምደውለው ብለው በስልክ እንዳስወጡት ነገረችኝ። እኔ ያዘዝኩ መስሏት ነበር።

ከቤቴ የምትደውል ሴት ከባለቤቴ ሌላ ማን አለች? እዚህ ላይ ነው ሰይጣን ጆሮዬ ሥር የተቀመጠው። የእሱን ስም ማስወጣት ለምን ፈለገች? በመካከላቸው እኔ የማላውቀው ምን አለ? እቤት ሲመጣ ማን ቀድሞ እንደሚነሳ፣ ማን ማንን እንደማያይ መቁጠር ጀመርኩ። ገላዋን ስትታጠብ ስልኳን በረበርኩ። ምንም አላገኘሁም፤ ምንም አለማግኘቴ ራሱ አጠራጠረኝ። በመጨረሻ አፍ አውጥቼ ስጠይቃት፣ «ስልኬን ስታገላብጥ የከረምከው ለዚህ ኖሯል?» አለች። አልደወልኩም አለች። ሰውየውን ግን አንድም ቀን ወድጄው አላውቅም፣ እጄን ሲጨብጥ ቶሎ አይለቅም አለችኝ። እኔ ጅሉ ማምለጫ የፈለገች መሰለኝ። ብርድ ልብሷን ይዛ ልጃችን ክፍል ገባች።

ተመልሼ ወደ አቀናባሪዋ ሄድኩ። ሴትዮዋ ሌላ ምን አሉ አልኳት። ልጅቷ ሳቋ መጣ። «ድንቢጤ ለአሁኑ እንዳይሰማ አሉ፤ ከዚያ ደንግጠው ደራሲው ማለቴ ነው አሉ። ድንቢጤ ማነው?»

እናታችን ካረፈች ወዲህ በዚህ ስም የሚጠራኝ ማን እንደሆነ እኔና አንቺ እናውቃለን።

ይቅር በይኝ እታለም፣ መጀመሪያ የመሰለኝ ቅናት ነው። ለእኔ ብላ ትምህርቷን ያቋረጠች እህቴን ትቼ ለባዕድ መታሰቢያ ብሰጥ ከፋት አልኩ። ተናደድኩብሽም። በገዛ ቃልሽ ልወቅስሽ ብዬ የድሮ ደብዳቤዎችሽን ከጫማ ካርቶኑ አውጥቼ አነበብኩ። ለባለቤቴ ሰላም ትያለሽ፤ ለጎረቤቶቻችን፣ ለማተሚያ ቤቱ ዘበኛ ሳይቀር ሰላም ትያለሽ። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ «አራት ነጥብ ሰላም ይልሻል» እያልኩ ጽፌአለሁ። አንድ ቀን እንኳ ሰላምታውን አልተቀበልሽም።

ወረቀቶቹን መሬት ላይ እንደ ዘረጋሁ ቀረሁ። እኔና እሱ ከመተዋወቃችን በፊት እዚያው ማተሚያ ቤት ታይፒስት ነበርሽ። አንድ ቀን በሳምንት መሐል፣ ዓይኔን አመመኝ ብለሽ ሥራውን ለቀቅሽ፣ ወዲያው ከተማውንም። ያ ሃያ ዓመት ሆነው። አሁን መርፌ ላይ ክር የምታስገቢው ያለ መነጽር ነው። እሱ ያለኝንም አስታወስኩ። እንደተዋወቅን እህቴ እዚህ ትሠራ ነበር ብዬ ብነግረው አላስታውሳትም አለኝ። አንቺ በነበርሽበት ጊዜ የማተሚያ ቤቱ ሠራተኛ በሙሉ አሥራ አንድ ሰው ነበር። በሩም አንድ ነው። እንዴት ነው ያላስታወሰሽ ብዬ አልጠየቅሁም።

ትናንት በምሳ ሰዓት እሱ ክፍል ገባሁ። ብቻውን ነበር። የመታሰቢያው ገጽ ወጥቷል አልኩት፤ ሌላ ቃል አልጨመርኩም። ማን አወጣው አላለኝም። ለምንም አላለኝም። ፊቱ ያለውን ወረቀት አስተካከለ፣ የተስተካከለውን መልሶ አስተካከለ። ከዚያ ቀና ሳይል፣

«እህትህ ምን ነገረችህ?» አለኝ።

እኔ ያንቺን ነገር አላነሳሁም ነበር።

ረቂቄን ከጠረጴዛው ላይ ሰበሰብኩ። ስጣደፍ ግማሹ መሬት ተበተነ፤ ተንበርክኬ ለቀምኩት። እሱ አልረዳኝም። በሩ ጋ ስደርስ ከኋላዬ፣ «የቆየ ነገር እኮ ነው፤ ልጆች ነበርን» ሲል ሰማሁት። አንቺ ያኔ ሃያ አምስት ዓመትሽ ነበር። እሱ አርባ ሊሞላው።

መጽሐፉን ከዚያ ቤት አውጥቼዋለሁ። ሁለት ዓመት የለፋሁበት ነው፤ ሌላ ማተሚያ ቤት እስካገኝ ይቀመጥ። ባለቤቴን ይቅርታ ጠይቄአታለሁ። ጊዜ ስጠኝ ብላኛለች፤ ደግሜ ለመጠየቅም ፊት የለኝም። ላንቺም ምን እንደምል አላውቅም። በሠርጌ ቀን አጠገብሽ ያስቀመጥኩት እሱን ነበር። ራሴን አሞኛል ብለሽ በጊዜ ሄድሽ፤ እኔም አኮረፍኩሽ።

ቅዳሜ በመጀመሪያው አውቶቡስ ብቻዬን እመጣለሁ። መናገር ከፈለግሽ እሰማለሁ። ካልፈለግሽም የሰፋሽውን እያጠፍኩልሽ እንውላለን፤ የጠየቅሁሽ እንዳይመስልሽ። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፤ በር ላይ ተቀብለሽኝ ገና ሳልቀመጥ «ደህና ነኝ» አትበይኝ።

ፈጣሪ ልብሽን ያሳርፍልሽ። የተቀማሽውን ዘመን በእጥፍ ይመልስልሽ።

ዘግይቶ የነቃው፣
ታናሽ ወንድምሽ