ተራ በተራ የሚለበስ የካምቢዮ ልብስ

ቀን፦ ሐሙስ፣ ከእሁዱ ውድድር በፊት

ለመኪና እሽቅድምድም ደኅንነት ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የካምቢዮ መከላከያ ልብስ ፍተሻ በመግቢያው በር ሳይሆን በመነሻው መስመር ላይ እንዲደረግ፣ እንዲሁም የባለቤቴ መኪና ከእሁዱ ውድድር እንዲታገድ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ ሆይ፣

እኔ አመልካች በአንድ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ነኝ። የሰው ማመልከቻ ስጽፍ ነው የኖርኩት፤ በገዛ ባሌ ላይ ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ባለቤቴ በእሁዱ የቀጥታ መስመር እሽቅድምድም ተወዳዳሪ ነው። ይታገድልኝ ብዬ የምለምነው በሕይወት እንዲቆይልኝ ነው እንጂ የቤት ጠብ ኖሮን አይደለም።

1. እርስዎ ከእኔ በላይ እንደሚያውቁት፣ ካምቢዮ፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑ፣ የሚቀመጠው ከወለሉ ሥር፣ ከሾፌሩ ጉልበት አጠገብ ነው። መኪናው ከቆመበት በአንድ ጊዜ ሲፈነጠር ኃይሉ ሁሉ እሱ ላይ ያርፋል። የፈነዳ እንደሆነ ስብርባሪው ወለሉን በስቶ ይወጣል። ለዚህም ነው ደንቡ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ካምቢዮውን በወፍራም የመከላከያ ልብስ ጠቅልሎ በማሰሪያ እንዲያጠብቅ የሚያዘው። በደንቡ ላይ ቅሬታ የለኝም።

2. ቅሬታዬ የሚጀምረው በሩ ላይ ነው። ተቆጣጣሪዎችዎ ጠዋት መግቢያው ላይ ከመኪናው ሥር በባትሪ ያያሉ፤ ልብሱ ካለ መስታወቱ ላይ "አልፏል" የሚል ምልክት ይለጥፋሉ። ከዚያ በኋላ ዞር ብሎ የሚያይ የለም። የባለቤቴ ቡድን ያለው ልብስ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ያለፈው መኪና ከነዳጅ ድንኳኑ ጀርባ ሄዶ ያወልቃል፤ ልብሱ በስፖርት ሻንጣ ሆኖ በአጥሩ ላይ ይወረወራል፤ ገና ሰልፍ ያልያዘው ቀጣዩ መኪና ይለብሰዋል። እንዲህ እየተዋዋሱ ቡድኑ በሙሉ ይገባል።

ተጨማሪ ልብስ መግዛት አቅቷቸው አይደለም። በየዙሩ መሃል ካምቢዮውን መነካካት ስለሚፈልጉ "እጅ ያስራል" ይላሉ። ለብሶ የሚነዳ ሰው ደግሞ መሳቂያ ነው፤ "ካምቢዮህን በረደው እንዴ?" እያሉ መቆሚያ መቀመጫ ያሳጡታል።

ልብሱን አንዴ አጥሩ ጥጉ ላይ ስለቀደደው አበባ ባለው የመጋረጃ ቁራጭ ጣፍኩት። ተቆጣጣሪዎችዎ ያንን አበባ በአንድ ጠዋት ስንት መኪና ሥር እንዳዩት እነሱ ይወቁ። አንዳቸውም "እናንተ ሰፈር መኪናው ሁሉ መጋረጃ ይወዳል?" ብለው አልጠየቁም።

3. ባለፈው ውድድር፣ ገና በሙከራው ሩጫ፣ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም መኪና ካምቢዮው ፈነዳ። ዋርሳዬ ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በታች አጣ። ጽሕፈት ቤትዎ ባወጣው መግለጫ "ተወዳዳሪው ሙሉ መከላከያ የነበረው ሲሆን፣ ልብሱ በፍንዳታው ተበጣጥሷል" ተብሏል። ክቡር ሆይ፣ ልብሱ አልተበጣጠሰም። ፍንዳታው ሲሰማ ሻንጣው ከአጥሩ ውጭ እኔ እግር ሥር ነበር፤ ቀጣዩ መኪና እስኪመጣ ያዢልን ተብዬ ነው። መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ምልክት አይታችሁ ልብስ ነበረው አላችሁ፤ ሳታገኙት ስትቀሩ ደግሞ ተበጣጠሰ አላችሁ። ዋርሳዬም ቡድኑ እንዳይታገድ ብሎ ዝም አለ።

ከዚያ ወዲህ የሌሎች ቡድኖች ሾፌሮች የሚሉት አንድ ነው፦ "ልብሱ ለእሱ ምን ፈየደለት?" ቀድሞ ለብሰው ይነዱ የነበሩት ጥቂቶችም አወለቁ። ይህንን ያደረገው መግለጫዎ ነው።

4. አሁን ባለቤቴ የወንድሙን ሞተር ወደ ራሱ መኪና አዛውሮታል። ካምቢዮው ግን ያው የራሱ መኪና የድሮው ነው፤ የውጭ ብረቱ ተሰንጥቆ በብየዳ የተያያዘ። ጋራዡና ወጥ ቤቴ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። ሞተሩ ሲነሳ ሳህኖቼ ይንጫጫሉ፤ ማርሽ ሲገባ ደግሞ የሚያፋጭ ድምፅ አለ። መጀመሪያ አጭር ነበር፤ አሁን እየረዘመ ነው። ለባለቤቴ ስነግረው "አንቺ ደግሞ! ብረት ካልጮኸ ምን ሊያደርግ ነው?" ብሎ ይስቃል።

ዋርሳዬ ጋራዡ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ "አይዞህ፣ እኔ የጀመርኩትን ጨርሰው" እያለ ያበረታታዋል። ነገር ግን ያ ድምፅ ሲመጣ ወሬውን ያቋርጣል። ማንም ሳያየው የቀረችውን እግሩን ከመኪናው ራቅ ያደርጋታል። እኔ አይቼዋለሁ።

5. ማክሰኞ ዕለት በአካል ቀርቤ ነበር። መስኮቱ ላይ ያሉት ሠራተኛ ስብሰባ ላይ ነዎት አሉኝ። በረንዳው ላይ ያገኘሁት ተቆጣጣሪ ደግሞ "እህቴ፣ ቤትሽ ባልሽን ማሸነፍ ሲያቅትሽ በእኛ ልታስጥዪው መጣሽ?" ብሎ ቀለደብኝ። አዎ፣ አቅቶኛል። ያቃተኝን ነው የማመለክተው።

ስለዚህ በትሕትና የምለምነው፦

ሀ. እያንዳንዱ መኪና ሊነሳ ሲል፣ በመነሻው መስመር ላይ ልብሱ እንዲታይ፤ የመኪናው ቁጥርም በልብሱ ላይ በማይለቅ ቀለም እንዲጻፍ፤

ለ. ስለ ዋርሳዬ አደጋ የወጣው መግለጫ እንዲታረም፣ ልብስ አለመልበሱ በግልጽ እንዲነገር። እሱ ይቀየመኛል፤ ይቀየመኝ፤

ሐ. ባለቤቴ ካምቢዮውን እስኪቀይርና ልብስ እስኪያለብሰው ድረስ እንዲታገድ። ማን እንደጠቆመ ቢጠይቅ ይንገሩት። ደብቁልኝ አልልም።

በመጨረሻም አንድ ነገር ላሳውቅዎ። ልብሱ የሚያድረው እኛ ቤት፣ ቁምሳጥን ላይ ነው። ዛሬ ጠዋት ከሻንጣው አውጥቼ የልጄን አሮጌ ብርድ ልብስ አጣጥፌ ከተትኩበትና ሻንጣውን ወደ ቦታው መለስኩት። ቡድኑ ይህን የሚያውቀው እሁድ ጠዋት ሻንጣውን ሲከፍት ነው። ያን ጊዜ ሌላ ልብስ የሚያመጡበት ሰዓት አይኖርም፤ ያንኑ የልጅ ብርድ ልብስ ጠቅልለው በሩ ላይ እንደሚቀርቡ ግን አልጠራጠርም። ባሌን አውቀዋለሁ።

ያን የሚያየው የእናንተ ባትሪ ነው። የእኔ እጅ የሚደርሰው እስከዚህ ድረስ ብቻ ነው።

ከሰላምታና ከጭንቀት ጋር

(ፊርማ)
የተወዳዳሪው ሚስት

አባሪ፦ አንድ የካምቢዮ መከላከያ ልብስ፣ ጥጉ በአበባማ መጋረጃ የተጣፈ። በመግለጫዎ ተበጣጥሷል የተባለው ይኸው ነው። እባክዎ እስከ እሁድ ማታ ከጠረጴዛዎ ላይ አያንሱት። እሁድ ከባለቤቴ ቡድን "አልፏል" የተባለ መኪና ካለ፣ ልብሱ እርስዎ ፊት ተቀምጦ እያለ ነው ያለፈው።